ላስቲኩ ያልወለቀ ፍራሽ

ቤተሰቡ «ሟርቴ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው። ገና ሲተጫጩ አንድ ቀን አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ እሷ ከመቀመጧ በፊት ረዳቱን «ብንገለበጥ ይሄ መስኮት ይከፈታል?» ብላ ስትጠይቅ ሰማ፤ ከዚያ ወዲያ ስሟ ያው ሆነ። ስልክ ያለ ሰዓቱ ከጮኸ፣ ከማንሳቷ በፊት ጫማዋን ታጠልቃለች፤ መሮጥ ካለባት ዝግጁ እንድትሆን ነው። ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቶ እያለ ጃንጥላ ይዛ ስትወጣ ጎረቤት ቢስቅባት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ መንገዷን ትቀጥላለች። መጋረጃ ሰፊ ናት። ጨርቅ ስትቆርጥ እንኳ ከልኩ አንድ ስንዝር ታስተርፋለች፤ ሲታጠብ ቢያጥርስ፣ ባለቤቱ መስኮቱን አዛብቶ ለክቶት ቢሆንስ እያለች።

ባሏ ቀለም ቀቢ ነው። ፎቅ ለፎቅ ሲንጠለጠል በኖረበት ዘመን ሁሉ የልቧ ፍርሃት አንድ ነበር፤ ገመድ ይበጠሳል፣ ርብራብ ይናዳል፣ ነፋስ ይገፈትረዋል። ማታ በሩን ከፍቶ ሲገባ «ዛሬም መጣህ?» ትለዋለች፤ እሱም «ይቅርታ፣ ነገ እሞክራለሁ» ብሎ ያስቃታል። ክፉው ነገር ሲመጣ ግን እሷ ቆማ በምትጠብቅበት በር አልመጣም። ሰውየው የወደቀው ምድር ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ሱቅ ውስጥ፣ ጣሪያ ሊቀባ ከወጣባት አጭር መሰላል ላይ ነው። ልጆች እንኳ ዘለው የሚወርዱባት ከፍታ ናት። ጀርባው የቀለም ጣሳ ጠርዝ ላይ አረፈና ከወገቡ በታች ያለው ገላ የራሱ መሆኑ ቀረ። ቆንጥጠው ቢጠይቁት «ማንን ነው የቆነጠጣችሁት?» ይላል።

ሐኪሙ ሰው የማያጣድፍ፣ ረጋ ያለ ነበር። ወደ ቤት ሊልኩት በተቃረቡበት ቀን ጠርቶ አስቀመጣት።

«ነርቩ ጊዜ ይፈልጋል» አላት። «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። እሱን እኛም አናውቀውም። የምናውቀው ነገር ቢኖር ቆዳው መቁሰል እንደሌለበት ነው። የማይሰማው ሰው ገላው ሲላጥ አይነግርሽም። መኝታ ያመጣው ቁስል አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ሰውም ይገድላል። ደህና ፍራሽ ግዙለት፤ የሚሰምጥም ድንጋይ የሆነም አይሁን። ቶሎ ቶሎ እያገላበጣችሁ አስተኙት።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር እሷ ይዛ የወጣችው «ሰው ይገድላል» የምትለዋን ብቻ ነው።

ቤት ያለው ፍራሽ የሠርጋቸው ጊዜ ነው። መሐሉ እንደ ገንዳ ጎድጉዷል። ከየትኛውም ጠርዝ ቢተኙ ንጋት ላይ ሁለቱም ጉድጓዱ ውስጥ ይገናኛሉ። ሲጣሉ እንኳ ጀርባ ተሰጣጥተው ማደር አልቻሉም፤ ፍራሹ ያስታርቃቸው ነበር። አሁን ግን ያ የፍቅር ጉድጓድ ለአንድ ሽባ ሰው መቃብር ሆኖ ታያት። በነጋታው ያላትን ጥሪት በመሐረብ ቋጥራ፣ የባሏን ታላቅ እህት ይዛ ፍራሽ ወደሚሸጥበት መንገድ ወጣች።

የባሏን እህት ሁሉም «እትዬ» ይላታል። ዕድሜዋን በሽንኩርት ንግድ የፈጀች፣ ገላዋ ግዙፍ፣ ድምጿ ከገላዋ የገዘፈ ሴት ናት። ዋጋ ሲጠሩላት መጀመሪያ ትስቃለች፤ ከዚያ ነው መልስ የምትሰጠው።

መንገዱ ግራና ቀኙን ፍራሽ ነው። በላስቲክ እንደ ተጠቀለሉ ከየሱቁ ደጃፍ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ለወረፋ የተሰለፉ ሕመምተኞች መሰሏት። መጀመሪያ የገቡበት ሱቅ ያለው ሁሉ ርካሽ ነው። ሟርቴ ጡጫዋን ስፖንጁ ላይ ስትጫነው እስከ አልጋው ጣውላ ወረደ። ፊቷን አዙራ ወጣች። ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ደግሞ ጀርባ ለሚያመው ሰው ፍቱን ነው የተባለ ፍራሽ አሳዩዋት። በክርኗ መታ መታ ስታደርገው በር የሚያንኳኩ ያህል ጮኸ።

«ይሄን ለወንድሜ ከምወስድለት አስፋልቱ ላይ ባስተኛው አይሻልም? እሱ እንኳ በነፃ ነው» አለች እትዬ።

ሦስተኛው ሱቅ ጠባብና ረጅም ነው። ሻጩ ራሰ በራ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነበር።

«ግቡ፣ ግቡ! ማየት በነፃ ነው።»

«መተኛትስ?» አለች እትዬ።

«መተኛትም በነፃ ነው፣ እናቴ። የሚከፈለው ለማንኮራፋት ብቻ ነው።»

«እናቴ? ፀጉርህ ከኔ ቀድሞ ያለቀ ሰውዬ እናቴ ትለኛለህ? በል ለሽባ ሰው የሚሆን አምጣ።»

«ሽባ» የምትለው ቃል የሻጩን ፈገግታ ወሰደችው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማነው የታመመው?» አለ። ሟርቴ «ባለቤቴ» አለች። ከዚህ በኋላ ሰውየው ቀልዱን ትቶ ከኋላ አንድ ፍራሽ ጎትቶ አወጣና በባዶ አልጋ ላይ ዘረጋው። የታመቀ ስፖንጅ ነው፤ ላዩ ላይ ለስለስ ያለ ንጣፍ አለው። በጉልበቱ ተጭኖ ሲለቀው ፍራሹ ሳይቸኩል ወደ ቦታው ተመለሰ።

እትዬ ዘጭ ብላ ተቀመጠችበት። አልጋው አቃሰተ፤ ፍራሹ ግን ቻላት።

«እኔን ከቻለ ወንድሜን ምን ያቅተዋል» አለች።

ሟርቴ ጫማዋን አወለቀች። ያ ሁሉ አላፊ አግዳሚ በመስኮት እያያት በጀርባዋ ተንጋለለች። እጇን ከወገቧ ሥር አስገባች፤ ክፍተት የለውም፣ ጭንቅም የለውም። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና እሱን ለመሆን ሞከረች። ከወገቧ በታች ያለውን ሁሉ ረሳችው፤ እግሮቿ የማንም አይደሉም፣ ከሱቁ ዕቃዎች አንዱ ናቸው ብላ ለራሷ ነገረች። ወዲያው የውስጥ እግሯን አሳከካት። ታገሠች። ማሳከኩ ባሰ፤ አውራ ጣቷ ሳታዘው በራሱ ተንቀሳቀሰ። እጇን ከሰው ኪስ ያስገባች ይመስል እፍረት ወረራት፤ ዘላ ተነሣች።

«ይሄ ነው» አለች። «ስንት ነው?»

ሻጩ ዋጋውን ነገራቸው። እትዬ ሳቀች፤ ግን የዛሬው ሳቅ የንግድ ሳቅ አልነበረም። በመሐረቡ ያለው ገንዘብ ከዋጋው ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ተከራከሩ። ሻጩ ጥቂት ወረደ፤ እትዬ ብዙ አወረደችው፤ ያም ሆኖ አልደረሱም። ሟርቴ ክርክሩን ትታ በዓይኗ የፍራሹን ጠርዝ እየተከተለች ነበር። ልማድ ሆኖባት ጨርቅ ካየች መጀመሪያ የምታየው ስፌቱን ነው። ከጥግ ከተደገፉት መሐል አንደኛው ዓይኗን ያዘው። ዓይነቱ ያው ነው፤ ላስቲኩ ሥር የሚታየው ሽፋን ግን ጎኑ ላይ ጠሞ ተሰፍቷል፣ አበባዎቹ ወደ አንድ ወገን ዘመዋል።

«ይሄኛው ምን ሆኖ ነው?»

«እሱ እንኳ…» አለ ሻጩ ራሱን እያከከ፤ «ፋብሪካው ያበላሸው ነው። ውስጡ ያው ነው። ሰው ግን እንግዳ ያየዋል እያለ አይወስደውም።»

«የኛ እንግዳ ከላይ ነው እንጂ ከሥር አይተኛም» አለች እትዬ።

«ስፌቱን እኔ ፈትቼ አስተካክለዋለሁ» አለች ሟርቴ። «በስንት ትለቀዋለህ?»

በመሐረቡ ባለው ሁሉ ለቀቀው። የመጫኛ እንኳ አልቀራቸውም፤ ሻጩ ራሱ ጋሪ ጠርቶ ከፈለላቸው። ፍራሹ ሲታሰር ሟርቴ ጠጋ አለችው።

«ብንመልሰው ትወስደዋለህ?»

«ለምን ትመልሱታላችሁ?»

ሟርቴ የጋሪውን ገመድ ታጠባብቅ ጀመር። ሻጩም ግራ ገባውና ለሁሉም የሚለውን አላት። «ላስቲኩ ካልተነካ በወር ጊዜ ውስጥ አምጪው፣ ትንሽ ቀንሼ ገንዘብሽን እመልሳለሁ። ላስቲኩ ከተቀደደ ግን የራስሽ ነው።»

እትዬ ከጋሪው ጎን እየተራመደች ስትስቅ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ሳትገዢው መመለሱን! ጉድ እኮ ነሽ።»

ሟርቴ አልሳቀችም።

ባሏን በማግስቱ አመጡት። ከጎረቤት የተዋሱትን የብረት አልጋ፣ ከግራም ከቀኝም ሆነው እንዲያዞሩት ብለው፣ የፊት ክፍሉ መሐል ላይ አቁመውለታል። የስፌት መኪናዋንም ከምትሠራበት ሱቅ አምጥታ ከአልጋው ግርጌ ተከለችው። ሥራዋ ራሱ ሰዓቷ ሆነ። አንድ መጋረጃ ዘምዝማ ስትጨርስ ተነሥታ ታዞረዋለች፤ ግራ ጎን፣ ጀርባ፣ ቀኝ ጎን። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ስትመጣ ትራሶቹን ከጉልበቶቹ መሐል ታስተካክላለች። አሮጌው ፍራሽ ወለል ላይ ተዘርግቶ እናትና ልጅ አብረው ይተኙበት ጀመር፤ እነሱም ጉድጓዱ ውስጥ ይገናኛሉ።

አዲሱ ፍራሽ ላይ ሁለት አንሶላ ተነጥፏል። ከአንሶላው ሥር ላስቲኩ እንዳለ ነው።

«ምንድነው በተነካሁ ቁጥር የሚንኮሻኮሸው?» አለ ባሏ በመጀመሪያው ቀን።

«ላስቲኩ ነው።»

«አታወልቂውም እንዴ? ከረሜላ አስመሰልሽኝ እኮ።»

«ሽንት ቢፈስስበትስ? አዲስ ዕቃ ነው፣ ይጠበቅ።»

ሽንቱ በቱቦ ወደ ከረጢት ነው የሚወርደው፤ እስከዚያች ቀን አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። እሱ ግን አልተከራከረም። አዲስ ወንበር፣ አዲስ ሶፋ፣ የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ ሳይቀር ላስቲኩ ተበጣጥሶ እስኪያልቅ ሳይገለጥ የሚኖርበት ቤት ስንት አለ። የእትዬ ሶፋ ላስቲኩ ሳይወልቅ አይደል እንዴ ያረጀው? ሟርቴም ለራሷ የምትነግራት ይህችኑ ነበር። ዕቃ መጠበቅ ነውር የለውም።

ከዚህች ሥር ግን ሌላ ሐሳብ ተኝቶ ነበር። ለማንም የማይነገር ሐሳብ ነው፤ ሆድ ይፍጀው የሚባል። ሰውየው ባይተርፍስ? ለልጅቷ ለትምህርት ቤቷ፣ ለቤት ኪራዩ፣ ለ… የመጨረሻዋን ደግሞ ለራሷም ጠርታት አታውቅም። ያ ፍራሽ ውስጥ ያለው የቤቱ ገንዘብ ሁሉ ነው። ላስቲኩ እስካለ ድረስ ገንዘቡ ገንዘብ ነው። መኪናዋን እየረገጠች፣ መርፌዋ ጨርቁን እየወጋ፣ ይህቺ ሐሳብ ብቅ ስትል ባሏን ቀና ብላ ታየዋለች፤ እሱም አንዳንዴ እያያት ያገኛታል። ሁለቱም ዓይናቸውን ይሰብራሉ።

ሙቀቱ በረታ። አንሶላው ከሥሩ ይረጥባል፤ ትቀይረዋለች፣ ተመልሶ ይረጥባል። መስኮት ከፈተች፣ በካርቶን አራገበችለት። ባሏ ከወገቡ በላይ ያለው ሲያልበው ያውቃል፤ ከወገቡ በታች ያለው ግን ምስጢሩን ይዞ ዝም ብሏል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ገላውን ልታጥበው ወደ ጎኑ ስታዞረው፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ከመቀመጫው በላይ፣ አጥንቱ ወጣ በሚልበት ቦታ ላይ ቆዳው ቀልቶ አየች። መዳፍ የማታህል፣ ጠርዟ የለየ ቅላት ናት።

ክው ብላ ቀረች። መጣ፣ አለች በልቧ። መጣ።

«ምነው ቆምሽ?» አለ ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ።

«ምንም። ውሃው በርዶ ነው።»

የሽንት ቱቦውን ቤት ድረስ እየመጣች የምትቀይርለት ነርስ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች፤ ቀኗ ነበር። ሟርቴ እስከዚያ አንድም መጋረጃ አልሰፋችም። ሰውየውን ጎኑ ላይ እንዳለ ትታው በረንዳና ጓዳ ስትመላለስ ዋለች። ነርሷ ስትደርስ እትዬም የሽንኩርት ጠረኗን ይዛ አብራት ገባች።

ነርሷ ገና ወጣት ናት፤ እጇ ግን የሠራ እጅ ነው። ቅላቷን አየቻት፣ በአውራ ጣቷ ተጫነቻት፣ ለቀቀቻት፣ እንደገና ተጫነች። ፊቷ አልተለወጠም። ከዚያ የአንሶላውን ጥግ ገለጥ አደረገችና እጇን ከሥሩ አስገባች። ስታወጣው ጣቶቿ በላብ ርሰዋል።

«ይሄ ምንድነው? ላስቲኩ አልወለቀም እንዴ?»

«ለ… ለሽንቱ ብዬ ነው፣ ሲስተር» አለች ሟርቴ። «የሆስፒታሉም ፍራሽ እኮ ላስቲክ ነው።»

«የሆስፒታሉ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። ይሄ ዕቃ መጠቅለያ ነው፣ እናቴ። ሰው ሲተኛበት ገላው ይቀቀላል። የረጠበ ቆዳ ደግሞ እንደ ረጠበ ወረቀት ነው፤ ሲነኩት ይቀደዳል። ለሽንቱ ከሆነ አንዲት ቁራጭ ከሥሩ ትበቃ ነበር።»

እትዬ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ቆይ፣ ስፌቱን አስተካክላለሁ ብለሽ አልነበር? ሳታወልቂው በምን ልታስተካክዪው ኖሯል?»

ሟርቴ የተገለጠውን የአንሶላ ጥግ መልሳ ሸፈነች።

«አሁን ማን አጠፋ አይባልም» አለች ነርሷ። «ገና አልተላጠም። ዛሬውኑ አውልቁት። ቅላቷ እስክትሄድ በጀርባው እንዳይተኛ። ጠዋት ጠዋት እንዲህ ተጫኚው፤ ስትለቂው ነጥቶ ተመልሶ ከቀላ፣ ደም ይዘዋወራል ማለት ነው፣ ይድናል። ሳይነጣ እንደ ቀላ ከቀረ ግን ከሥር እየተጎዳ ነው።»

«አሁንስ?» አለች ሟርቴ።

ነርሷ ዓይኗን አልሸሸችም። «አሁን አልነጣም። ግን ገና ነው። ዛሬ ማውለቅ ነው ቁም ነገሩ።»

እትዬ ነርሷን ልትሸኝ ወጣች። ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ። ሟርቴ ከመኪናዋ መሳቢያ መቀሷን አወጣች፤ ወፍራም ጨርቅ እንደ ውሃ የሚቆርጥ የልብስ ሰፊ መቀስ ነው። አልጋው አጠገብ ቆማ መቀሱን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

«ሟርቴ» አለ ባሏ።

«እ?»

«እትዬ የገዛችሁት ቀን ነግራኛለች። ሻጩን ብንመልሰው ትወስደዋለህ ወይ እንዳልሽው። እየሳቀች ነበር የነገረችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ፣ ዛሬ ታወልቀዋለች እያልኩ እጠብቅሻለሁ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ለልጅቷ ብዬ ነው…»

«አውቃለሁ ለማን እንደሆነ! በቁሜ ነው የቀበርሽኝ። መሞቻዬን እንኳ ለሙከራ ነው የገዛሽልኝ፤ በወር ውስጥ ካልተመቸኝ የሚመለስ!»

ጮኾባት አያውቅም። መጮህም አሁን አይሆንለትም፤ ደረቱ ብቻ ነው የቀረው፣ ድምፁ መሐል ላይ ተሰነጠቀ። ሟርቴ መቀሱን ይዛ አሮጌው ፍራሽ ላይ ቁጢጥ አለች። ማልቀስ ፈለገች፤ እንባዋ ግን ፈርቶ አልመጣም።

«ስማኝ» አለች። «እኔ ክፉውን የማስበው እንዲመጣ አይደለም። ካሰብኩት አይመጣም እያልኩ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ገመድ ይበጠሳል አልኩ፤ ተበጠሰ? ርብራብ ይናዳል አልኩ፤ ተናደ? ያችን መሰላል ነው ያላሰብኳት። አንዲት መሰላል! ስለዚህ ከዚህ በኋላ አንድም ነገር ሳላስብ አልተውም አልኩ። ትሞታለህ ብዬ አሰብኩ። ሁሉን ነገር አሰብኩ። እንዳትሞት ነው።»

ባሏ ጎኑ ላይ እንዳለ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሣ። ደጅ እትዬ ከነርሷ ጋር ስትሳሳቅ ይሰማል።

«ያ ጣሪያ» አለ በመጨረሻ፤ «እኔ የቀባሁት ነው፤ አሁን ሳየው ሁለተኛ እጅ ቀለም ይፈልጋል።»

እሷም ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

«አስበሽ ጨርሰሻል?»

«አዎ።»

«ቁስሉንም አስበሽዋል?»

«እሱንማ መጀመሪያ።»

«እንግዲያው ይበቃል። የቀረውን እኔ አስብልሻለሁ፤ ሌላ ሥራ የለኝም። ተነሺና ቅደጂው።»

እትዬ ስትመለስ ሟርቴ ከአልጋው ጎን ተንበርክካ መቀሱን በላስቲኩ ጥግ እያስገባች አገኘቻት። እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ወንድሟን በትከሻና በዳሌው አቅፋ ወደ ራሷ ወገን አዞረችው።

«ኧረ ቀስ! የሽንኩርት ጆንያ አይደለሁም» አለ።

«ዝም በል፤ ጆንያ ቢሆን አይናገርም ነበር።»

መቀሱ ላስቲኩን እየሰነጠቀ ሄደ። ከሥሩ የታፈነ ሙቀትና የፋብሪካ ሽታ ወጣ፤ ውሃው በጠብታ በጠብታ ሆኖ ላስቲኩ ላይ ተለጥፏል። ግማሹን ወደ መሐል ጠቅልላ፣ ደረቅ አንሶላ ዘርግታ፣ እትዬ ሰውየውን በጥቅሉ ላይ አሳልፋ ወደዚያኛው ወገን አስተኛችው። ሟርቴ ዞራ ቀሪውን ቀደደችና ሳበችው። ላስቲኩ በረጅሙ እየጮኸ ወጣ። የዘመሙት አበባዎች ገሃድ ወጡ፤ ጨርቁ በእጇ ሲነካ ቀዝቃዛና ሻካራ ነው።

«ይሄ ላስቲክ ለስንት ነገር ይሆናል» አለች እትዬ አጣጥፋ በብብቷ እየያዘች። «ሽንኩርቴን እሸፍንበታለሁ።»

«ይውሰዱት፣ እትዬ። ከዓይኔ ያርቁልኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ቅላቷን በአውራ ጣቷ ተጫነቻት። አልነጣችም። በቀጣዩም ጠዋት አልነጣችም። ሟርቴ የማይነገረውን ሁሉ በልቧ አየች፤ አጥንት ድረስ አየች፤ ግን ያየችውን ይዛ መኪናዋ ላይ አልተቀመጠችም። በግራ ጎን፣ በቀኝ ጎን፣ እንደገና በግራ አስተኛችው። በጨርቅ ቁርጥራጭ የሞላቻቸውን ትናንሽ ትራሶች ሰፍታ ከቁርጭምጭሚቱና ከጉልበቱ ሥር አስገባች። አንዳንዴ መጋረጃው ግማሽ ላይ ሳለ ትነሣለች። ደንበኛ ለምን ዘገየ ቢላት፣ «እዚህ ቤት ከመጋረጃ የሚቀድም አለ» ትላለች፣ ሳትቆጣ።

የባሏ ቁጣ ግን በአንድ ቀን አልበረደም። ምግቡን ከእጇ ይቀበላል፤ «ከረሜላ» ዓይነት ቀልድ ግን ቀረ። እሷም አላባበለችው። ይገባኛል፣ ትላለች ለራሷ፤ ይቆጣ፣ የሚቆጣ ሰው ሕያው ነው።

ከዚያ አንድ ጠዋት ልጅቷን ወደ ትምህርት ቤት ሸኝታ ተመለሰች። ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ አልጋው ላይ አርፏል። አንሶላው ደረቅ ነው። ሰውየውን ወደ ግድግዳው አዙራ ልብሱን ገለጥ አደረገች። ቅላቷ ጠርዟ ፈዝዟል። አውራ ጣቷን አሳረፈች፣ ተጫነች፣ ለቀቀች።

ጣቷ የነበረበት ቦታ ነጣ፤ ከዚያ ደሙ ቀስ ብሎ ተመልሶ ሞላው።

ዓይኗን አላመነችም። ደገመች። እንደገና ነጣ፣ እንደገና ሞላ።

«ምን አየሽ?» አለ ባሏ ግድግዳውን እያየ። ተጭና እንደ ነበር አልተሰማውም፤ ዝም ማለቷን ነው የሰማው። «ሟርቴ፣ ምን አየሽ?»

«ነጣ» አለች። «ነጥቶ ተመልሶ ቀላ።»

«ይሄ የቱ ነበር? ጥሩው ነው መጥፎው?»

አፏን ከፍታ ዘጋችው። በዕድሜዋ ደግ ነገር ጮክ ብላ ተናግራ አታውቅም፤ ደግ ነገር ስሙ ሲጠራ ይሸሻል ባይ ናት። እሱ አንገቱን ሊያዞር እየታገለ ይጠብቃል። ጆሮው ብቻ ነው የሚታያት፤ ከሆስፒታል ወዲህ የከሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጆሮ።

«ጥሩው ነው» አለች።

«እስቲ ድገሚው።»

«አልደግመውም። አንዴ ይበቃል።»

ከትከሻው ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር ሲያልፍ አየች። ልብሱን አለበሰችው፣ እጇን ታጠበች፣ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። አንድ ረጅም ሰማያዊ መጋረጃ ነበር የያዘችው። እግሯ ፔዳሉን መርገጥ ጀመረ፤ ጥቂት ሄደ፣ ፈዘዘ፣ ቆመ። ነገስ ባይነጣ? ተነሥታ ወደ አልጋው ሄደች።

«ገና ነው እኮ፤ መጋረጃሽ ግማሹም አላለቀም» አለ።

«ቢያልቅም ባያልቅም» አለችው ጎንበስ እያለች፤ «አንገቴን ያዝ፣ ላዙርህ ነው።»